በባዶው አዳራሽ ውስጥ የነበሩት

ፈርዶሳ አብዲ ሥራ የምትገባው ከወጥ ቤቷ ሳትወጣ ነው። ጠዋት የቁርስ ዕቃ አጥባ ትጨርስና ከማቀዝቀዣው አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። መነጽሯን ታደርጋለች። ጓንቶቿን እስከ ክርኗ ትስባለች። ከዚያ በኋላ እሷ ገንደ ቆሬ ቤቷ ናት፤ እጆቿ ከከተማው ዳር፣ መልካ ጀብዱ ፋብሪካ ውስጥ ናቸው።

ድሬዳዋ ውስጥ እንዲህ ያለውን ሠራተኛ «ሩቅ እጅ» ይሉታል። ሙቀቱ ሰው አላስወጣ ካለ ወዲህ ግማሹ ከተማ ሩቅ እጅ ሆኗል። የፈርዶሳ ጎረቤት አዲስ አበባ ያለ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ትደረድራለች። ከእሷ ቀጥሎ ያለው ጎልማሳ ጅቡቲ ወደብ ላይ መርከብ ያራግፋል። ረፋድ ላይ በመንደሩ ያለፈ ሰው በየመስኮቱ አየር የሚጨብጡ፣ አየር የሚያነሱ፣ አየር የሚያስቀምጡ ሰዎች ያያል። ቆሞ የሚመለከት ግን የለም።

የፈርዶሳ ሥራ የአሉሚኒየም ዱቄት መንፋት ነው። ከፋብሪካው አዳራሽ ጣሪያ ከተንጠለጠሉት ባለ ሁለት እጅ የብረት ክንዶች ሰባተኛው የእሷ ነው። ዱቄቱን ከበርሜል እያነሳች ትልቁ ወንፊት ላይ ትገለብጣለች፤ ያላለፈውን ጥራጊ በጆንያ እየሞላች በር ዳር ታስቀምጣለች። ዱቄቱ ከፊኖም ይልማል። መሬት ላይ ሲተኛ አመድ ይመስላል። አየር ላይ ተበትኖ ብልጭታ ካገኘ ግን ከቤንዚን ይብሳል፤ ውሃ ሲደፉበትም ይበረታል። ሥራ ስትጀምር በሥልጠናው ላይ ይህን በፊልም አሳይተዋታል። መጀመሪያ አንድ ትንሽ ብልጭታ አለ። ከእሱ የሚነሳው ትንሽ ፍንዳታ ግድግዳውን ሲመታው ጣሪያና ቧንቧ ላይ የተጠራቀመው ብናኝ ይራገፋል። ከዚያ የሚነደው አየሩ ራሱ ነው።

«ይህን የምታዩት ለጠቅላላ ዕውቀት ነው፤» አለ አሠልጣኙ። «እናንተ ቤታችሁ ናችሁ። አዳራሹ ውስጥ ሰው የለም።»

እውነትም ደንቡ የተሠራው በዚሁ ነው። ሰው በሚገባባቸው ፋብሪካዎች ብናኝ በየጊዜው መጠረግ፣ የማምለጫ በር መኖር ነበረበት። ሰው አልባ ተብሎ በተመዘገበ አዳራሽ ይህ ሁሉ ቀርቷል። እዚያ የሚነሳ እሳት የንብረት ጉዳት ነው። እሳት ሲነሳ በሮቹ ይዘጋሉ፣ አየሩ ይመጠጣል፣ እሳቱ ታፍኖ ይጠፋል። የሚታፈን ሌላ ነገር የለም።

መነጽሩ ደግሞ ለሥራ የማያስፈልገውን ሁሉ ከዓይንና ከጆሮ ያነሳል። በፊት ሩቅ እጆቹ በብናኙ ጭጋግ የተነሳ ራሳችንን አመመን እያሉ አቤቱታ ያቀርቡ ነበር። አሁን ፈርዶሳ የምታየው ነጭ ግድግዳ፣ ነጭ ወለል፣ ወንፊቱን፣ በርሜሎቹን ነው። ንጹሕ አዳራሽ ነው።

በግንቦት ወር አንድ ጠዋት መስመሩ ተቆራረጠ። ምስሉ ፊቷ ላይ ደረቀ፣ ተሰነጠቀ፣ ከዚያ ተገፈፈ። ነጩ ግድግዳ ግራጫ ሆነ። ቧንቧዎቹ ላይ ብር የመሰለ ብናኝ እንደ ጋቢ ተደርቦ ተኝቷል። ከክንዷ ጫፍ ጥቂት ራቅ ብላ አንዲት ወጣት ሴት ቆማለች። አፍና አፍንጫዋን በሻሽ ጠቅልላለች። ቀኝ እጇ በጨርቅ አንገቷ ላይ ታስሯል። በግራ እጇ መጥረጊያ ይዛ ወለሉን ትጠርጋለች። ቀና አለችና ክንዱን አየችው።

ምስሉ ተመለሰ። ወለሉ ነጭ ነው። ማንም የለም።

ፈርዶሳ እጇን ስትነጥቅ ወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ የነበረው ብርጭቆ ወድቆ ተሰበረ። አለቃዋን ጠራች። አለቃዋ አቶ መክብብ የሚባል፣ አዲስ አበባ ተቀምጦ አዳራሹን የሚቆጣጠር፣ ድምፁን እንጂ መልኩን የማታውቀው ሰው ነው።

«አቶ መክብብ፣ አዳራሹ ውስጥ ሰው አለ።»

«ሰው?» አለ። «መስመሩ ተቆርጦ ነበር። እንዲህ ሲሆን መነጽሩ የቆየ ምስል ከአዲሱ ጋር ይደባልቃል።»

«እጇ ታስሯል። መጥረጊያ ይዛለች። አየችኝ እኮ!»

«እህቴ፣» ድምፁ አልተለወጠም፤ «አዳራሹ ሰው አልባ ነው። ትንሽ ውሃ ጠጪና ተመለሺ።»

ውሃ ጠጥታ ተመለሰች። ቀኑን ሙሉ ክንዷን የምታንቀሳቅሰው የተኛ ሕፃን እንዳይነቃ እንደሚፈራ ሰው ነበር። መነጽሩ ፍጥነትሽ ቀንሷል እያለ አስጠነቀቃት።

ባሏ ሙክታር ባቡር ላይ ነው የሚሠራው። ሲመለስ ነገረችው።

«ተይው፣ አቦ፤» አላት ጫማውን እያወለቀ። «መስመሩ ነው ካሉሽ መስመሩ ነው።»

«መስመር መጥረጊያ ይይዛል?»

ሙክታር ጫማውን አንስቶ በር ዳር አስቀመጠው።

ዓርብ ዕረፍቷ ነው። ፀሐይ ሳትበረታ ባጃጅ ይዛ መልካ ጀብዱ ሄደች። በፊት ለፊት በኩል ፋብሪካው ሰው የሚያስገባ በር የለውም፤ ያለው የዕቃ መጫኛ ብቻ ነው። አጥሩን ይዛ ዞረች። ከኋላ፣ በደረቁ ወንዝ በኩል፣ ግድግዳው ላይ አጎንብሶ የሚያልፉበት የብረት መዝጊያ አለ። ስትደርስ መዝጊያው ተከፍቶ አምስት ሰዎች አንድ በአንድ እየወጡ ነበር። ቅንድባቸው፣ ሽፋሽፍታቸው፣ የጆሯቸው እጥፋት ሳይቀር ብር ለብሷል። ልብሳቸውን እያራገፉ ይስላሉ። እጇ የታሰረችው ልጅ ከመሃላቸው ናት።

አንድ ረጅም ሽማግሌ ወደ ፈርዶሳ መጣ።

«ምን ፈልገሽ ነው?»

«እዚህ ነው የምሠራው።»

«የት?»

«ውስጥ። ማለቴ… እጄ። ይቅርታ አባባ፣ እርስዎ—»

«እርስዎን ተይው፤ ድሬ ነው ያለነው። ሮብሌ በይኝ።» ሳቀ። ጥርሶቹ ብቻ ነጭ ናቸው። «የትኛው እጅ ነሽ?»

«ሰባተኛው።»

ሳቁ ቆመ። ሁሉም ዞረው እጇ የታሰረችውን ልጅ አዩ። ልጅቷ ሲፈን ትባላለች። ቀረብ ብላ ፈርዶሳን ከእግር እስከ ራሷ ተመለከተቻት።

«አንቺ ነሻ፤» አለች። «ከበርሜሉ ስትዞሪ ነው የገጨሽኝ። ጮህኩ። ክንድሽ ቆመ። ሰማችኝ ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ ወገቤን ይዘሽ አነሳሽኝና ጥራጊው ላይ አስቀመጥሽኝ።»

ፈርዶሳ ቀኑን አስታወሰችው። ከእህቷ ጋር ስለ ሠርግ ልብስ በስልክ እያወራች ነበር። ጓንቱ አንድ ነገር እንደነካች ነገራትና የመነጽሩ ድምፅ «ባዶ ጆንያ፤ ወደ ጥራጊ» አለ። አንስታ አስቀመጠችው። ወሬውንም አላቋረጠችም።

አሸዋው ላይ ተቀመጠች። ሲፈን አጠገቧ ቁጢጥ አለችና በደህናው እጇ የውሃ ላስቲኳን አቀበለቻት።

ሮብሌ ነገሩን አስረዳት። ብናኙን የሚመጠው መሣሪያ ከተበላሸ ቆይቷል። ብናኙ ሲወፍር ወንፊቱ ይታነቃል። ስለዚህ አንድ ደላላ እነሱን በኋላ በኩል ያስገባቸዋል፤ ጠርገው ይወጣሉ።

«ታዲያ ባለቤቶቹ ለምን ሰው አለ አይሉም?»

«ሰው አለ ካሉማ ክንዶቹን ማቆም ሊኖርባቸው ነው። በር ሊሠሩልን ነው።» ትከሻውን ነቀነቀ። «እኛ እዚያ የለንም፣ እህቴ።»

«እሳት ቢነሳስ?»

ሮብሌ የብረት መዝጊያውን ዞሮ አየው። ከውጭ የሚቆለፍ ነው። «አላህ ያውቃል፤» አለ።

ከመለያየታቸው በፊት የመጥረጊያ ባልዲውን አንስቶ አሳያት። ቀይ ላስቲክ ነው። «እኔ አልታይሽም። ይሄስ?»

በማግስቱ ሞከሩት። ባልዲ ዕቃ ስለሆነ መነጽሩ አላጠፋውም። በነጩ ወለል ላይ ቀዩ ባልዲ ብቻውን ይሄዳል፤ ወንፊቱ ጋ ሲደርስ ያርፋል፤ እንደገና ብድግ ይላል። ባልዲው ባለበት በኩል ፈርዶሳ ክንዷን አታዞርም። እሷም በበኩሏ ጎማ በለበሰው የክንዷ ጣት ቧንቧውን ቀስ አድርጋ ሦስቴ ትመታለች። አይቻችኋለሁ ማለት ነው። ባልዲው ከፍ ዝቅ ይላል። በዚህ ዓይነት ሳምንታት ሠሩ። ፈርዶሳ ከማታያቸው ሰዎች ጋር መሥራት ለመደች፤ መልመዷ ራሱ ያስደነግጣት ጀመር።

ለሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ደውላ ተናግራለች። ሰው አልባ ተብሎ በተመዘገበ ቦታ የሠራተኛ አቤቱታ አይስተናገድም አሏት። ወንፊቱ የሚዞርበት ኩሽኔታ ማንቋረር ሲጀምርም ለአቶ መክብብ ነገረችው።

«በእኔ በኩል አረንጓዴ ነው የሚያሳየኝ፤» አለ።

«በጆሮዬ እየሰማሁት ነው። ብረት ከብረት ጋር እየተፋጨ ነው።»

«ቅያሪው እየመጣ ነው። እስከዚያ አረንጓዴውን እንመን።»

ሰኔ ሲገባ፣ ረፋዱ ላይ፣ ኩሽኔታው ተሰበረ። ፈርዶሳ በርሜል ይዛ ነበር። ከወንፊቱ ስር ፎቶ እንደማንሳት ያለ ብልጭታ ታየ። ድምፁ ትንሽ ነበር፤ ከባድ መጽሐፍ ወለል ላይ እንደመጣል። ነጩ ወለል ነጭ እንደሆነ ነው። ነገር ግን በጓንቷ በኩል ተሰማት፤ ጣሪያው የሚያክል ለስላሳ ነገር ቀስ እያለ ክንዷ ላይ ይወርድ ነበር። ብናኙ እየተራገፈ ነው።

ድምፁ መጣ። «እሳት ታይቷል። አዳራሹ ባዶ ነው። በሮች ይዘጋሉ።»

ባልዲው በሩቁ ጥግ ተገልብጦ ወድቋል።

«አቶ መክብብ!» ጮኸች። «በሩን አቁሙት! ሰው አለ!»

«ፈርዶሳ፣ ክንድሽን ወደ ቦታው መልሺው።»

«ሰው አለ እኮ ነው የምልዎት!»

ከዚያ አቶ መክብብ፣ በዚያው በማይለወጠው ድምፁ፣ «ስንት ናቸው?» አለ።

ፈርዶሳ በሕይወቷ እንደዚያች ቅጽበት ደንግጣ አታውቅም። ብልጭታውም እንዲህ አላስደነገጣትም። ያውቃል። ሁልጊዜም ያውቅ ነበር።

«አምስት፤» አለች።

«በሩን ካስከፈትሽው አየሩ ተመጥጦ አያልቅም። ሁለተኛው ፍንዳታ ይመጣል።»

«ከዘጋችሁት ታፍነው ይሞታሉ።»

አቶ መክብብ መስመሯን ግን አልቆረጠም። ይህንን ለምን እንዳላደረገ እስከ ዛሬ አታውቅም።

የመጫኛው በር ከላይ ወደ ታች እየወረደ ነው። ፈርዶሳ ክንዷን ወደዚያ ወሰደችው፤ ቶሎ ብትወረውረው ብናኙን ታስነሳዋለች፣ ቀስ ብትል በሩ ይቀድማታል። ትንፋሿን ይዛ፣ ውሃ እስከ አፉ የሞላ ድስት እንደምትሸከም ሆና ገፋችው። በሩ ክንዱ ላይ አረፈ። ክብደቱ እስከ ትከሻዋ ተሰማት፤ ወጥ ቤቷ ውስጥ ከወንበሩ ተንሸራታ በጉልበቷ ወደቀች። በነፃው ጣት የበሩን ብረት መታች። ሦስቴ። እንደገና ሦስቴ። በጭሱ ውስጥ የሚያይ ሰው የለም፤ የሚሰማ ይኖራል።

ወለሉ ንጹሕ ነው። ምንም አይንቀሳቀስም። መታች።

ክንዷን አንድ ነገር ነካው። ያዘው፣ ተንጠለጠለበት፣ ስር ለስር አለፈ።

«ባዶ ጆንያ፤» አለ ድምፁ።

«ኑ፣» አለች ፈርዶሳ ለባዶው አዳራሽ። «በዚህ ነው፣ በዚህ ነው፣ ኑ።»

«ባዶ ጆንያ።» ቀለል ያለ ሰው ነው፤ በአንድ እጁ ብቻ ነው የያዛት። ሲፈን ናት አለች በልቧ። «ባዶ ጆንያ። ባዶ ጆንያ።»

አራት። መምታቷን አላቆመችም። በሩ ክንዱን እያጎበጠው ነው።

ከዚያ አንድ እጅ የብረት ጣቷን ያዘ። ሰፊ እጅ ነው። ጠበቅ አደረጋት። ጓንቷ የእያንዳንዱን ጣት ግፊት ለየብቻ ነገራት። ትስበው ጀመረች።

መነጽሩ ነጭ ሆነ። ቀጥሎ ጠቆረ። ጓንቱ ሞተ። ፈርዶሳ ወጥ ቤቷ ወለል ላይ እጇን እንደዘረጋች ነበረች፤ ጥቂት ቆይቶ ከመልካ ጀብዱ በኩል የመጣው ድምፅ የመስኮቷን መስታወት አንቀጠቀጠው።

በዜናው ላይ የተነገረው አጭር ነው። በአንድ ሰው አልባ የብረታ ብረት ዱቄት አዳራሽ ላይ ቃጠሎ ደርሷል። በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት የለም። ይህም ለጥንቃቄ በተዘረጋው የአሠራር ሥርዓት ምክንያት ነው።

የተረፉትን ሲፈን ዘመዶቿ ቤት ሸሽጋቸዋለች። ሆስፒታል ቢሄዱ የት ተቃጠላችሁ ይባላሉ። አንደኛው ጀርባው ተልጧል፤ ማር ቀብተውታል። ፈርዶሳ መድኃኒት ገዝታ ሄደች። ሲፈን በሩ ላይ አገኘቻትና ሳትናገር አቀፈቻት፤ ፀጉሯ የተቃጠለ ይሸታል።

«ጋሽ ሮብሌ እኛን ከኋላ እየገፋን ነበር፤» አለች። «ድምፁን ስሙ፣ ወደ ድምፁ ሂዱ እያለ። እሱ አልወጣም።»

«ይዞኝ ነበር፤» አለች ፈርዶሳ። «እጄን ይዞኝ ነበር።»

የሮብሌ ሚስት ኸድራ ሦስት ጠዋት በተከታታይ ወደ ፋብሪካው ሄደች። የባሌን ጀናዛ ስጡኝ አለቻቸው። ጥበቃው ትሑት ልጅ ነው። «እናቴ፣» አላት፣ «የተቃጠለው ባዶ አዳራሽ ነው። የሌለ ሰው አስከሬን ከየት እናምጣልሽ?» ውሃ አምጥቶ ሰጣት። ጥላ ስር እንድትቀመጥም ፈቀደላት።

በሳምንቱ አቶ መክብብ ደወለ። እስከ መጫኛው አጥር ድረስ የሚዘልቅ አዲስ ክንድ ተሰቅሏል። አዳራሹ በቶሎ ይጸዳና ሥራ ይጀምራል። «ቆሻሻውን እያወጣሽ መጫኛው ጋ ትከምሪያለሽ፤» አለ። ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አልተናገረም። እሷም አልተናገረችም። «እሺ» ብላ ዘጋችና ሲፈንን ጠራቻት።

በማግስቱ ጠዋት ሲፈንና ኸድራ፣ ከእነሱም ጋር የሮብሌ ወንድሞች፣ ቃሬዛና ነጭ ጨርቅ ይዘው ከመጫኛው ውጭ፣ አጥሩ አጠገብ ቆሙ። ፈርዶሳ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ከፍታ አስቀመጠች። ጓንቶቿን ሳበች። መነጽሩን አደረገችው፤ ነጭ፣ ንጹሕ አዳራሽ ነው፣ የተቃጠለ ነገር አይታይም። ግንባሯ ላይ ሰቀለችውና ዓይኗን ጨፈነች።

በዳበሳ ሄደች። የቀለጠ ብረት አገኘች። የተጣመመ ቧንቧ አገኘች። አመድ በጣቶቿ መካከል አለፈ። በሩ የነበረበትን ቦታ በልቧ ታውቀዋለች፤ ወደዚያ ተጠጋች። የአሮጌውን ክንድ ስብርባሪ ነካች። ቀጥሎ ሌላ ነገር። ብረት አይደለም። በአንዱ ጣቷ ጫፍ ብቻ፣ የታመመ ሰው እንደምትነካ፣ ተከተለችው። ትከሻ። አንገት። አገጭ። እጁ ወደ ላይ እንደተዘረጋ፣ ጣቶቹ እንደተጨበጡ ነው።

እንባዋ በተጨፈነ ዓይኗ ስር ወረደ። መጥረግ አትችልም፤ እጆቿ መልካ ጀብዱ ናቸው።

«ባዶ ጆንያ፤» አለ ከግንባሯ ላይ ድምፁ፣ «ወደ—»

ስር ገብታ በሁለት እጇ አነሳችው። ረጅም ሰው ነበር፤ አሁን ቀሏል።

«ሲፈን፣ አልታየኝም። ምሪኝ።»

«ወደ ግራ፤» አለች ሲፈን በስልኩ። «ትንሽ ወደ ግራ… አሁን ቀጥ በይ። ቀስ። በሩን አለፍሽ፣ ውጭ ነሽ። አጥሩ ጋ ደርሰሻል… ከፍ አድርጊው። እ… እሱ ነው። ያ ረቢ፣ እሱ ነው። አውርጂው።»

አወረደችው። ክብደቱ ከእጇ ላይ ተነሳ፤ ሌሎች እጆች ተቀበሉት። የኸድራን ጩኸት ሰማች። ጥበቃው ሮጦ መጥቶ ነበር፤ ቃሬዛውን ሲያይ ባለበት ቆመ አለቻት ሲፈን በኋላ፤ ኮፍያውን አወለቀ።

የዚያኑ ቀን ሙቀቱ ሳይጠና ቀበሩት። ፈርዶሳ ከሴቶቹ ጋር ኸድራ ቤት ተቀምጣ ዋለች። ማን እንደሆነች የጠየቃት የለም፤ ሲፈን ነግራቸዋለች። ኸድራ የፈርዶሳን ቀኝ እጅ ይዛ ለረጅም ጊዜ አገላብጣ አየችው።

በሁለተኛው ቀን ፖሊስ ጠራት። ከፋብሪካው ግቢ ያለፈቃድ ንብረት አውጥታለች የሚል ክስ ቀርቦባታል። ሙክታር ሥራ አልሄደም፤ አብሯት መጣ። ሲፈንና ኸድራም ሳይጠሩ መጥተው በሩ አጠገብ ቆሙ። ጣቢያው ውስጥ አንድ ሰው ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ተቀምጧል። ከድምፁ ይልቅ ወጣት ነው። አቶ መክብብ መሆኑን ያወቀችው ሲናገር ነው።

ሳጅኑ ጎልማሳ ሰው ነው። የክሱን ሐሳብ አንብቦላት ሲጨርስ፣ «አውጥተሻል?» አላት።

«አውጥቻለሁ።»

«ምንድን ነው ያወጣችው?» ሲል ወደ አቶ መክብብ ዞረ።

«ከቃጠሎ የተረፈ… ቁሳቁስ።»

«ምን ዓይነት ቁሳቁስ?»

አቶ መክብብ ላቡን በመሃረብ ጠረገ። «ለምርመራ የሚፈለግ ነው። ቦታው ላይ መቆየት የነበረበት።»

«ገባኝ። ምንድን ነው ነው የምልህ? ብረት ነው? መሣሪያ ነው? የጠፋውን ሳላውቅ እንዴት አድርጌ እፈልግልሃለሁ?»

ሳጅኑ ተነፈሰና ወደ ፈርዶሳ ተመለሰ። «እሺ፣ አንቺ ንገሪኝ። ዕቃው አሁን የት ነው ያለው?»

«መቃብር ውስጥ፤» አለች።

ሳጅኑ ቀና አለ። ፈርዶሳን አያት። በሩ አጠገብ የቆሙትን፣ ጥቁር የለበሰችውን ሴትና ፀጉሯ የተቃጠለውን ልጅ አያቸው። ከዚያ ዓይኑን አቶ መክብብ ላይ ተከለ፤ አላነሳም። ከጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ ይዞራል። ፈርዶሳ ልትናገር አፏን ስትከፍት ሙክታር ክንዷን ያዝ አደረጋት።

«ወንድሜ፣» አለ ሳጅኑ በዝግታ፣ «ያ ባዶ አዳራሽ አይደለም እንዴ?»

አቶ መክብብ መሃረቡን አጣጠፈው። ዘረጋው። እንደገና አጣጠፈው። ዓይኑን ከወለሉ ላይ አላነሳም።

«ሮብሌ፤» አለ በመጨረሻ። «ሮብሌ ጌዲ ዋይስ።»

ኸድራ ግድግዳውን ያዘች። ፈርዶሳ ለዚህ ሰው የሮብሌን ስም ነግራው አታውቅም፤ ያባቱንና ያያቱን ስም ደግሞ እሷም የሰማችው ገና አሁን ነው።